ከቅጠልና ከዓሣ ቅርፊት የተቀዱ ጨርቆች፦ የተበከለ ውሃን እስከ ምን ድረስ ያጠራሉ?

የውሃ ብክለትን ለመከላከል በዓለም ዙሪያ በሚካሄደው ምርምር ውስጥ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ አንድ ዘርፍ ጎልቶ ወጥቷል። ይኸውም የእጽዋትንና የእንስሳትን ገላ ተፈጥሯዊ አሠራር በመቅዳት፣ ጥጥን፣ ፖሊስተርንና የሽቦ ወንፊትን በስስ ልባጥ በመሸፈን ውሃን ከዘይት፣ ከማቅለሚያና ከሌሎች በካዮች ለመለየት የሚደረገው ጥረት ነው። የምርምሩ ውጤት በመገናኛ ብዙኃንና በማኅበራዊ ትስስር ገጾች ሲተላለፍ ግን ብዙውን ጊዜ እጅግ ያጥራል፤ ቆሻሻ ውሃን በቅጽበት የሚያነጻ ጨርቅ ተገኘ ተብሎ ይነገራል። ንጹሕ ውሃ ለማግኘት በየዕለቱ የሚደክም ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ዜና በተስፋ ቢቀበል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ «ማንጻት» የሚለው ቃል በቤተ ሙከራና በቤት ውስጥ የሚሰጠው ትርጉም ለየቅል ነው። ለተመራማሪው ውሃው ነጻ የሚባለው ዘይቱ ሲለይለት ሊሆን ይችላል፤ ለእናት ግን ልጇ ጠጥቶ የማይታመምበት ሲሆን ብቻ ነው። የእነዚህ ጨርቆች ጥቅምና ወሰን ሊመዘን የሚገባውም ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ ነው።

የጎደሬ ቅጠልና የዓሣ ቅርፊት

በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጎደሬ የሚያበቅል አርሶ አደር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በጎደሬ ቅጠል ላይ አይሰርግም፤ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይንከባለላል፤ ሲወርድም በቅጠሉ ላይ ያገኘውን አቧራ ጠራርጎ ይሄዳል። በእስያ የሚታወቀው የሎተስ ቅጠልም ጠባዩ ይኸው ነው። ጀርመናውያኑ የእጽዋት ተመራማሪዎች ቪልሄልም ባርትሎትና ክሪስቶፍ ናይንሁይስ የዚህን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ገልጸዋል። በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ቅጠሉ ልሙጥ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ጉብታዎች ሞልተውበታል፤ ጉብታዎቹም በሰም ቅንጣቶች ተሸፍነዋል። የውሃው ጠብታ የሚያርፈው በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ከሥሩ አየር ይቀራል። ስለዚህ ጠብታው ቅጠሉን የሚነካው በጥቂቱ ሲሆን፣ ትንሽ ዘንበል ሲል ተንከባልሎ ይወርዳል።

ይህ እውቀት ወደ ጨርቅ የተሸጋገረበት መንገድ ቀላል ነው። ውሃ እርስ በርሱ የሚሳሳብበት ኃይል ከዘይትና ከነዳጅ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። በመሆኑም ሸካራነቱና ሰማዊነቱ በትክክል የተመጠነ ልባጥ ውሃን እየገፋ ዘይትን ግን ሊስብ ይችላል። በቻይና የሳይንስ አካዳሚ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በቴፍሎን የተለበጠ የሽቦ ወንፊት አቅርበው፣ ዘይትና ውሃ ተደባልቀው ሲፈሱበት ዘይቱ ወደ ታች ሲያልፍ ውሃው ከላይ እንደሚቀር አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የጥጥ ጨርቅ፣ የፖሊስተር ጨርቅ፣ ስፖንጅና ወረቀት ሳይቀሩ በተመሳሳይ መንገድ ተለብጠው ተሞክረዋል።

የዓሣው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። በዘይት በተበከለ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ ቅርፊቱ ዘይት አይዝም፤ ቅርፊቱ ውሃን ስለሚወድ ስስ የውሃ ሽፋን ይዞ ይኖራል፤ ዘይቱም ያንን ሽፋን አልፎ ሊጣበቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ጠባይ በጥናት ከተገለጸ በኋላ፣ በ2011 ውሃን በሚይዝ ዝልግልግ ንጥረ ነገር የተለበጠ ወንፊት ተሠራ። በዚህኛው ወንፊት የሚያልፈው ውሃው ነው፤ ዘይቱ ከላይ ይቀራል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዘይትን የሚያሳልፈው ጨርቅ ከጊዜ በኋላ በዘይት ይደፈናል፤ ውሃን የሚያሳልፈው ግን ከዘይቱ ጋር እምብዛም ስለማይነካካ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። በተጨማሪም ውሃ ከአብዛኛው ዘይት ስለሚከብድ፣ በስበት ኃይል ብቻ በሚሠራ ማጣሪያ ውስጥ ወደ ጨርቁ ቀድሞ የሚደርሰው ውሃው ነው። ውሃን የሚገፋ ጨርቅ ከታች ከተዘረጋ ውሃው ራሱ ዘይቱን ከጨርቁ ይጋርድበታል።

ልባጡ በጨርቁ ላይ እንዲጣበቅ የረዳው ደግሞ ሌላ ፍጡር ነው። ሙሰል የተባለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ማዕበል ሳያላቅቀው በእርጥብ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንስሳው የሚጠቀምበትን የማጣበቂያ ፕሮቲን አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ለዘብ ባለ አልካላይን ውሃ ውስጥ በማሟሟት ማንኛውንም ነገር መለበጥ እንደሚቻል አስታወቁ። ጨርቁ በውሃው ውስጥ ተነክሮ ሲያድር ቡናማ ስስ ሽፋን ይይዛል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርሰው ውፍረትም ቢበዛ 50 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ ከሺህ ጊዜ በላይ ይወፍራል። ዶፓሚን ውድ በመሆኑም፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በሻይና በወይን ውስጥ የሚገኙት ታኒን መሰል ንጥረ ነገሮች ተመሳሳይ ሽፋን እንደሚሰጡ ተረጋግጧል። ለታዳጊ አገሮች ይህ ሁለተኛው ግኝት ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቅማል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘይትን መምጠጥ ብቻ ሳይሆን ማንሣት

ከእነዚህ ሁሉ ለተግባር ቀረብ ያለው ሥራ የሚገኘው በጀርመን ነው። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ሳልቪኒያ የተባለ የፈርን ዘር ቅጠሉ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ ውሃን እየገፋ ዘይትን በፀጉሮቹ መካከል ያሰራጫል። የቦን ዩኒቨርሲቲና በአኸን የሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ቀድተው ልዩ ሽመና ያለው ጨርቅ አዘጋጁ። ጨርቁ በሚንሳፈፍ ሳጥን ጠርዝ ላይ ይጋደማል፤ አንደኛው ጫፉ ዘይት ያለበትን የውሃ ገጽ ይነካል፤ ሌላኛው በሳጥኑ ውስጥ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ዘይቱ በጨርቁ ላይ እየሳበ ጠርዙን ተሻግሮ ወደ ሳጥኑ ይንጠባጠባል። ሞተርም ሆነ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ ሂደቱ የኩራዝ ክር ላምባ ከሚስብበት መንገድ ጋር ይመሳሰላል።

የዚህ አሠራር ብልጫ ጨርቁ ዘይቱን በውስጡ ሳያከማች ማሸጋገሩ ነው። ዘይት ጠጥቶ የጠገበ ጨርቅ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው፤ ሜዳ ላይ ቢጣል መሬቱን፣ ቢቃጠል አየሩን ይበክላል። በሳጥን የተጠራቀመ ዘይት ግን እንደገና ሊሠራበት ይችላል።

በአገራችን ከተሞች እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚፈለግበትን ቦታ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። የተሽከርካሪ ጥገና ጋራዦችና ላቫጆዎች የተቃጠለ ዘይት፣ ግራሶና ነዳጅ የተቀላቀለበት ውሃ በየዕለቱ ያፈስሳሉ። በአዲስ አበባ ይህ ውሃ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ከገባ ማረፊያው ትልቁ ወይም ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው፤ ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በወንዞቹ ዳርቻ አትክልት ይለማል፤ ከብት ውሃ ይጠጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ከመከልከሉም በላይ፣ ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ስለዚህ ጉዳዩ ለድርጅቶቹ የፈቃደኝነት አይደለም።

ነገር ግን በላቫጆ ውሃ ውስጥ ሳሙና አለ፤ የቤተ ሙከራው ውጤት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ሳሙና የውሃውን እርስ በርስ የመሳሳብ ኃይል ይቀንሳል። በመሆኑም በንጹሕ ውሃ ሲሞከር ጠብታን ያንከባልል የነበረ ጨርቅ በሳሙና ውሃ ይርሳል፤ ውሃውም ዘይቱም አብረው ያልፋሉ። ከዚህም ሌላ ሳሙና ዘይቱን በጥቃቅን ጠብታዎች በትኖ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል፤ ወተት የመሰለ ድፍርስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ድፍርስ ለመለየት ከጠብታዎቹ ያነሰ ቀዳዳ ያለው፣ በዓሣ ቅርፊት አምሳያ የተለበጠ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው ባነሰ ቁጥር ግን ፍሰቱ ይዘገያል፤ መደፈኑም ይፈጥናል። በዚህ ምክንያት በአሁኑ ደረጃ ለጋራዥና ለላቫጆ ባለቤት ቀዳሚው መፍትሔ ጨርቅ ሳይሆን፣ ውሃው ረግቶ ዘይቱ ወደ ላይ የሚንሳፈፍበት በግድግዳ የተከፋፈለ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ነው። ጨርቁ ሊገባ የሚችለው ከዚህ በኋላ፣ በላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ለማንሣት ነው። ጉድጓድ ሳይቆፍር ውድ ጨርቅ የሚገዛ ድርጅት ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ያልተለበጠው ጨርቅ የሠራው ሥራ

ስለ ጨርቅና ስለ ውሃ ሲነሣ በኢትዮጵያ የሚታወሰው ትልቁ ታሪክ ምንም ልባጥ የለውም። የጊኒ ዎርም በሽታ የሚተላለፈው፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውሃ ቁንጫዎች የትሉን እጭ ተሸክመው ከኩሬ ውሃ ጋር ሲጠጡ ነው። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ክር የመሰለው ትል አብዛኛውን ጊዜ በእግር ቆዳ በኩል ይወጣል፤ ሕመሙ ሰውን ለሳምንታት ከሥራ ያስተኛል። ለበሽታው ክትባትም ሆነ መድኃኒት የለም። የውሃ ቁንጫው ግን ከሌሎች የውሃ በካዮች ጋር ሲወዳደር ግዙፍ ነው፤ ርዝመቱ ወደ አንድ ሚሊሜትር ይጠጋል። ቀዳዳው ከ100 ማይክሮን ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጥ የናይሎን ጨርቅ ያስቀረዋል።

በጋምቤላ ክልል፣ በተለይም በአቦቦና በጎግ ወረዳዎች፣ ይህ ጨርቅ በእንስራና በባልዲ አፍ ላይ እየታሰረ፣ ለእርሻና ለአደን ለሚጓዙት ደግሞ በአንገት የሚንጠለጠል የመምጠጫ ቱቦ ሆኖ ለዓመታት አገልግሏል። ከጨርቁ ጎን የጤና ትምህርት፣ የታመሙትን ወደ ውሃ እንዳይገቡ መጠበቅ፣ ኩሬዎችን በኬሚካል ማከምና ንጹሕ የውሃ ተቋማትን መገንባት አብረው ሠርተዋል፤ ውጤቱን ለጨርቁ ብቻ መስጠት አይገባም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም በዓመት 3.5 ሚሊዮን ሰዎችን ያጠቃ እንደነበር የሚገመተው በሽታ፣ ከ2021 ወዲህ በየዓመቱ የሚገኝበት ሰው ቁጥር ከ20 አይበልጥም። በኢትዮጵያ በ2023 በሰው ላይ አልተገኘም፤ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ መታየቱ ግን ሥራውን አላስጨረሰም፤ እንስሳ ውሃውን አጥልሎ አይጠጣምና።

ሁለተኛው ምሳሌ የባንግላዴሽ ነው። የኮሌራ ተሕዋሲ እጅግ ትንሽ ቢሆንም በውሃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በጥቃቅን የውሃ እንስሳት ገላ ላይ ተለጥፎ ነው። ሪታ ኮልዌልና አንዋር ሁክ የተባሉት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በማትላብ አካባቢ በሚገኙ 65 መንደሮች፣ ሴቶች የሚለብሱትን ያረጀ የጥጥ ሳሪ ቢያንስ በአራት እጥፍ አጥፈው ውሃቸውን እንዲያጠልሉ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው የኮሌራ ሕሙማን ቁጥር በ48 በመቶ ቀንሷል። የሚያስገርመው አሮጌው ጨርቅ ከአዲሱ መብለጡ ነው፤ በእጥበት ብዛት ክሩ ስለሚሳሳና ስለሚበታተን ቀዳዳው ይጠብባል፤ ታጥፎ ሲደራረብም ወደ 20 ማይክሮን ይወርዳል። ለጥናቱ የቀረበው የናይሎን ማጥለያም ከሳሪው የተሻለ ውጤት አላስገኘም። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ከሴቶቹ 31 በመቶ የሚሆኑት አሁንም ውሃቸውን ያጠልሉ ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሩ በሁለቱም ወገን መነበብ አለበት። 48 በመቶ ቀነሰ ማለት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሽታ ቀረ ማለት ነው። ምክንያቱም 20 ማይክሮን የሆነ ቀዳዳ ከእንስሳቱ ገላ ተላቆ የሚንሳፈፈውን ተሕዋሲ አያግድም። የኮሌራ፣ የታይፎይድና አብዛኞቹ የተቅማጥ ባክቴሪያዎች ርዝመታቸው ከአንድ እስከ ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ቫይረሶች ከዚያም በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ያንሳሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2022 ጀምሮ በባሌ ዞን ተነሥቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች በተዛመተው የኮሌራ ወረርሽኝ ወቅት ውሃን በነጠላ ማጥለል ብቻውን የሚበቃ መከላከያ ሊሆን ያልቻለውም ለዚህ ነው።

የሚሟሟ ነገር በጨርቅ አይያዝም

ከተሕዋሲያን አልፎ በውሃ ውስጥ የሟሙ ንጥረ ነገሮች ጋ ሲደረስ የቀዳዳ መጠን ትርጉም ያጣል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ያለው ፍሎራይድ ከዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በላይ ነው። ጥርስን የሚያበልዘው፣ ሲበዛም አጥንትን የሚያጎብጠው ይህ ንጥረ ነገር ጣዕምም ሆነ ቀለም የለውም። ውሃን የሚገፋም ሆነ ዘይትን የሚያስቀር ልባጥ ያለው ጨርቅ አያስወግደውም፤ ማፍላት ደግሞ ውሃውን ስለሚያተን መጠኑን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቀንሰውም። ለዚህ የሚያገለግሉት ዘዴዎች ሌሎች ናቸው፦ የአጥንት ከሰል፣ በአልሙምና በኖራ ማርጋት፣ ከሁሉም በላይ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ ከሆነ ምንጭ ውሃ መሳብ።

በሙሰል አምሳያ የተለበጡ ጨርቆች ከሌሎቹ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ቡናማው ሽፋን የከባድ ብረቶችን ቅንጣትና አንዳንድ የጨርቃጨርቅ ማቅለሚያዎችን ገላው ላይ የመያዝ ችሎታ አለው። በክሮም ቆዳ ለሚያለፉ ፋብሪካዎችና ለማቅለሚያ ቤቶች ፍሳሽ ሊታሰብ የሚገባው ዓይነት ይህ ነው። ሆኖም መያዝ ማለት ማጥፋት አይደለም። ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ የተወሰነ ነው፤ ሲሞላ ማሳለፍ ይጀምራል፤ ማሳለፍ መጀመሩም በዓይን አይታወቅም። መልሶ ለመጠቀም በአሲድ ይታጠባል፤ በእጥበቱ የሚወጣው ጥቂት ፈሳሽ ከመጀመሪያው ፍሳሽ እጅግ የበለጠ መርዘኛ ነው፤ እርሱም የሚወገድበት ሥርዓት ይፈልጋል። ይህን ሥርዓት ያላሟላ ፋብሪካ ጨርቁን ቢገጥም ብክለቱ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቦታ መለወጥ ነው።

ሌላው ጥያቄ የልባጡ የራሱ ደኅንነት ነው። ውሃን በኃይል የሚገፉ ብዙ ልባጦች የተሠሩት ፍሎሪን ካለባቸው ውህዶች ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፒኤፍኦኤ በተፈጥሮ የማይፈርስ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2019 በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ገብቷል፤ በ2023 መጨረሻም የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ጋር መድቦታል። ውሃ ለማጥራት ተብሎ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጨርቅ መጠቀም የሚያስከፍለው ዋጋ ከሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። የጎደሬ ቅጠል ሰሙ ሲፋቅ ሕይወት ያለው ስለሆነ ራሱ ይተካዋል። ጨርቅ አይተካም፤ በታጠበና በታሸ ቁጥር ልባጡ ይነሣል፤ የተነሣው የሚሄደው ወደ ውሃው ነው። ስለዚህ በሰም፣ በታኒንና ከእጽዋት በተገኙ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ወደተሠሩ ልባጦች የሚደረገው ሽግግር ተገቢ ነው።

የሽፈራው ፍሬ

በኮንሶና በጋሞ በየደጃፉ የሚተከለውና ቅጠሉ የሚበላው ሽፈራው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ፣ በዚህ ረገድ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የእስያው ሞሪንጋ ፍሬ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ፕሮቲን አለው። በውሃ ውስጥ ያለው ጭቃና አብዛኛው ባክቴሪያ አሉታዊ ሙል ስለሚይዝ ከፕሮቲኑ ጋር ተሳስቦ ይረጋል። የተፈጨ ፍሬ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ግን ትርፍራፊው ምግብ ሆኖ ባክቴሪያ እንደገና ስለሚራባበት፣ ውሃው ከአንድ ቀን በላይ ሊቀመጥ አይችልም። የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 መፍትሔ አቀረቡ፤ ፕሮቲኑ በአሸዋ ላይ እንዲለበጥ አድርገው ትርፉን አጠቡት። አሸዋው ላይ የተጣበቀው ፕሮቲን ሥራውን ይሠራል፤ የሚበሰብሰው ትርፍራፊ ግን ታጥቦ ሄዷል። በ2022 ደግሞ በአሸዋው ፋንታ ጥጥ በተመሳሳይ መንገድ ተለብጦ ተሕዋሲያንን በከፍተኛ መጠን እንደሚያስቀር ታየ። ሌላ የእጽዋት ጭረትም በመርኅ ደረጃ ከዚህ አይለይም። ዛፉም ሙያውም በእጅ ባለበት አገር፣ ከውጭ ከሚመጣ ልባጥ ይልቅ ይህ የምርምር መስመር ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይበልጥ የሚቀርብ ይመስላል።

ማጣሪያ ጨርቅ ለመግዛት ለሚያስቡ ተገልጋዮች

በገበያ ላይ «ናኖ» ወይም «ተአምረኛ» በሚል ስያሜ የሚቀርብ የማጣሪያ ጨርቅ ሲያጋጥም፣ ገዢው ውሃው ሲጠራ በማየት ብቻ መወሰን የለበትም፤ የጠራ ውሃ ባክቴሪያም ፍሎራይድም ሊይዝ ይችላል። ሻጩ ምርቱ ምን ምን እንደሚያስቀር፣ በስንት ሊትር ወይም በስንት ወር እንደሚተካና ልባጡ ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ እንዲያሳይ መጠየቅ መብት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የቤት ውስጥ ውሃ ማከሚያ ምርቶችን በባክቴሪያ፣ በቫይረስና በፕሮቶዞዋ ላይ እየፈተነ በኮከብ ደረጃ ያወጣል። ሦስት ኮከብ የሚያገኝ ምርት ከ10,000 ባክቴሪያዎች ቢበዛ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ከዚህ ፈተና ያለፈ ስለመሆኑ ማስረጃ የማይቀርብበት ጨርቅ ደለል ማስቀሪያ እንጂ የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃው ፍሎራይድ እንዳለው ለማወቅ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የልጆች ጥርስ በብዛት ቡናማ እየሆነ ያለበት መንደር ምርመራውን ማዘግየት የለበትም።

ከቧንቧ ውጭ የሆነ ውሃ ለመጠጥ ሲቀዳ፣ በንጹሕና በወፍራም ጥጥ ጨርቅ ቢያንስ በአራት እጥፍ ማጥለል የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ጭቃውንና ትልልቆቹን ተሸካሚዎች ያስቀራል፤ ቀጥሎ የሚጨመረው ክሎሪንም በጭቃው ሳይባክን በተሕዋሲያኑ ላይ እንዲሠራ ያደርጋል። ከዚያ እንደ ውሃ አጋር ያሉትን ማከሚያዎች በማሸጊያው ላይ በተገለጸው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ወይም ውሃውን ማፍላት ያስፈልጋል። ማፍላት ሲመረጥ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ባሉ ቦታዎች፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። ማጥለያው ጨርቅ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ከውሃ መቅጃው ርቆ በሳሙና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ላይኛው ወገኑ የትኛው እንደሆነ በክር ምልክት ሊደረግበት ይገባል፤ በሚቀጥለው ቀን ተገልብጦ ከታሰረ፣ ታጥቦ ያልለቀቀው ሁሉ ተመልሶ የሚወርደው ወደ እንስራው ነው።